አሮጌ የእንጨት ባርን፦ ከመፍታት እስከ መልሶ ማቆም

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ በፍሬድሪክ በኩል ወደ ፔንሲልቬኒያ የሚነዳ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ግዙፍ የእንጨት ቤቶች ያያል። አንዳንዱ ቀይ ቀለሙ እንዳለ ነው፤ አንዳንዱ ጣሪያው ተቀዶ ወደ አንድ ጎኑ ዘሟል። አሜሪካኖች ባርን የሚሉት ይህን ነው። ከብቱ ከታች ያድራል፣ ድርቆሹና ነዶው ከላይ ይከመራል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እህል የሚወቃበት የሳንቃ አውድማ አለ። ገበሬው ትልልቅ ማሽን ሲገዛ በሩ ጠበበው፤ ድርቆሹም በማሽን ተጠቅልሎ ውጭ ማደር ጀመረ። ባርኑ ሥራ ፈታ።

ሥራ ለፈታ ባርን ሁለት ዓይነት ገዢ ይመጣለታል። አንደኛው ዓይኑ በግድግዳው ሳንቃ ላይ ብቻ ነው። ሳንቃውን ገንጥሎ ለምግብ ቤትና ለሆቴል ግድግዳ ይሸጣል፤ የቀረውን በሰንሰለት መጋዝ ቆራርጦ ወይ ለምድጃ መደርደሪያ ያደርገዋል፣ ወይ ያቃጥለዋል። ሁለተኛው ፍሬሙን፣ ማለትም የቋሚና የአግዳሚ አጽሙን፣ እንዳለ ፈትቶ፣ ጠግኖ፣ ሌላ ቦታ ላይ መኖሪያ ቤት ወይም አዳራሽ አድርጎ ያቆመዋል። የዛሬው ንግግር ለሁለተኛው ነው። ስምንት በስምንት ኢንች የሆነ የኦክ ግንድ ዛሬም ከመጋዣ ቤት ታዝዞ ይመጣል። በመሮ ተፈልፍሎ፣ እርስ በርሱ ተለክቶ፣ ሁለት መቶ ክረምት የቆመ ማያያዣ ግን ታዝዞ አይመጣም። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ፣ ምልክት አደራረጉም፣ አፈታቱም፣ ጥገናውም፣ ያንን ማያያዣ ለማዳን ነው።

አሮጌ ቤት ሲፈርስ የጥዱ ቋሚ ለአዲሱ ቤት መዋሉ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እዚህ የሚነሳው አንድ ቋሚ ሳይሆን ሙሉ አጽሙ መሆኑ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይባል፦ ባርኑ ባለበት ቆሞ መጠገን ከቻለ እዚያው ይጠገን። የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ከቦታው የተነሳን ሕንፃ በመደበኛው አሠራር አይቀበልም፤ ፈትቶ መውሰድ የሚመጣው ሌላው መንገድ ሲዘጋ ነው።

ከመግዛት በፊት ባርኑን ማንበብ ያስፈልጋል። በኒው ኢንግላንድ የተለመደው የእንግሊዝ ባርን 30 በ40 ጫማ ገደማ ሆኖ በሦስት ክፍል ይከፈላል፤ ትልቁ በር የጣሪያው ክፈፍ በሚወርድበት በረጅሙ ጎን ነው። በሃድሰን፣ በሞሃውክና በስኮሃሪ ሸለቆዎች የሚገኘው የደች ባርን በሩ በጠባቡ ጎን ነው፤ ውስጡ ሲገባ የትልቁ አግዳሚ ምላስ፣ ማለትም በሌላ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ የቀጠነው ጫፉ፣ ቋሚውን በርቅሶ በሌላው ወገን ክብ ጫፍ ሆኖ ይታያል። የፔንሲልቬኒያው ደግሞ በኮረብታ ወገብ ላይ ይሠራል፦ ከላይ በኩል ጋሪ ቀጥታ ወደ አውድማው ይገባል፣ ከታች በኩል የድንጋይ በረት አለ፣ የላይኛው ወለል ከበረቱ በር በላይ ወጣ ብሎ ጥላ ይሠራል።

ዕድሜውን የሚናገሩት የመሣሪያ ጠባሳዎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በሰፊ ምሳር የተጠረበ ግንድ ፊቱ ላይ የምሳሩ ምት ይታያል። ቀጥ ብለው የተደረደሩ የመጋዝ መስመሮች በውኃ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን መጋዝ ያመለክታሉ፤ ቅስት የሆኑት መስመሮች ክብ መጋዝ ከተስፋፋበት ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ናቸው። ከብረት ሉህ ተቆርጦ የተሠራ አራት ማዕዘን ሚስማር ከ1790ዎቹ እስከ 1890ዎቹ ገደማ ነገሠ፤ ከዚያ ክቡ የሽቦ ሚስማር ተተካ። የግድግዳው ሳንቃ ሚስማር ግን አያሳምንም፤ ሳንቃ ብዙ ጊዜ ይቀየራል። ወራጁ ላይ ያለውን ተመልከቱ።

ከዕድሜው በላይ ሥራችሁን የሚለውጠው አናጢው ማያያዣውን የለካበት መንገድ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እያንዳንዱ እንጨት ከጓደኛው ጋር ተጋድሞ፣ የአንዱ ጠመዝማዛነት ሳይቀር በሌላው ላይ ተቀድቶ ነበር የሚቆረጠው። ስለዚህ አንድ ሰያፍ ደጋፊ የሚገጥመው ለተቆረጠለት ቋሚ ብቻ ነው፤ በመሮ የተጫረ የሮማ ቁጥር ሁለቱን ያጋባቸዋል። በኋላ የመጣው ዘዴ በእያንዳንዱ ግንድ ውስጥ ቀጥ ያለ፣ ትንሽ ቀጭን ግንድ እንዳለ ይቆጥርና ማያያዣው ጋ ብቻ እስከዚያ ልክ ድረስ ይጎድላል። እዚህ ደጋፊዎቹ ሁሉ አንድ ልክ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። የመጀመሪያው ዓይነት ባርን ላይ የሁለት ደጋፊ ምልክት ከጠፋ፣ በማቆሚያው ቀን ክሬን በሰዓት እየተከፈለው ሰዎች ደጋፊ ይዘው ከቋሚ ወደ ቋሚ ሲዞሩ ይውላሉ።

ቁጥሮቹን ስታነቡ አናጢዎቹ አራትን አራት ጭረት፣ ዘጠኝን ደግሞ ቪና አራት ጭረት አድርገው እንደሚጽፉ እወቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንጨት ይገለበጣል፣ በተለመደው አጻጻፍ ዘጠኝ ሲገለበጥ አሥራ አንድ ይሆናል። አንዳንዱ ጭረት ላይ ትንሽ ባንዲራ የመሰለች ቅጥያ ካለች የሕንፃውን አንዱን ወገን ከሌላው የምትለይ ናት።

ወደ ምርመራው እንለፍ። መበስበስ በዘፈቀደ አይመጣም፤ ውኃ የሚያድርበትን ቦታ ይከተላል። መጀመሪያ የሚሄደው መሠረቱ ላይ የተጋደመው አግዳሚ ነው፤ ቀጥሎ የቋሚው እግር፣ በተለይ ፍግ ተከምሮበት የኖረው። ሦስተኛው ጣሪያው ያፈሰሰበት የላይኛው አግዳሚ፣ በቋሚዎቹ ራስ ላይ በርዝመቱ ተጋድሞ ወራጆቹን የሚሸከመው፣ ነው፤ ገዢዎች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው፤ ከታች ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፣ የበሰበሰው በላዩ ፊት ነው። መሰላል ይዛችሁ ውጡና በወፍራም ወስፌ ውጉት። ወስፌው ያለ ግፊት አንድ ኢንች ከገባ ያ ቦታ ሞቷል። ከዚያ ያለፈ ጥርጣሬ ካለ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ጫፉ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ መርፌ መሰርሰሪያ አለ፤ እየገባ ሳለ የገጠመውን ተቃውሞ በመስመር ያሳያል። የመሠረት አግዳሚው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ አያስደንግጣችሁ፣ በአዲስ ይተካል። ከላይኛው አግዳሚና ከቋሚ ራሶች ግማሹ ከሄደ ግን ያንን ባርን ተዉት፤ የቀረው የእንጨት ክምር ነው።

እንጨት በል ጥንዚዛም አለ። ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ማየት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ወጥተው የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ከቀዳዳው ሥር ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ካለ ወይም ስትጠርጉት ተመልሶ ከመጣ ነፍሳቱ በሥራ ላይ ናቸው።

የእንጨቱን ዓይነት መለየት ለዋጋም ለምህንድስናም ይጠቅማል። ነጭ ኦክ፣ ነጭ ፓይን፣ ሄምሎክና ቢች በብዛት አሉ። ቼስትነት ልዩ ቦታ አለው፤ በ1904 በኒው ዮርኩ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ የታየው የፈንገስ በሽታ በ50 ዓመት ገደማ ውስጥ ቢሊዮን የሚቆጠሩ የአሜሪካ ቼስትነት ዛፎችን ስለፈጀ፣ ትልቅ የቼስትነት ግንድ ዛሬ የሚገኘው ከአሮጌ ሕንፃ ነው ማለት ይቻላል። ቼስትነት ከኦክ ጋር ይምታታል፤ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ኦክ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ሰፋፊ ጨረሮች ያሳያል፣ ቼስትነት አያሳይም።

ሚዛኑንም አስሉ። ግንድ የሚሸጠው በቦርድ ፉት ነው፦ ውፍረትና ወርድ በኢንች፣ ርዝመት በጫማ ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል። 8 በ8 የሆነ 12 ጫማ ግንድ 64 ቦርድ ፉት ነው፤ ደረቅ ነጭ ኦክ ከሆነ 114 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው ግንድ 30 ጫማ ሲሆን 285 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ያሰላ ሰው ያለ ክሬን ሥራ አይጀምርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ እንጨት ሳይነካ ፍሬሙ በሙሉ በወረቀት ላይ መውረድ አለበት። በወርዱ አቅጣጫ የሚቆመው የቋሚዎችና የአግዳሚ ስብስብ ቤንት ይባላል፤ ባለ ሦስት ክፍል ባርን አራት ቤንት አለው። ቤንቶቹን በቁጥር፣ ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች በፊደል ሰይሙ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቋሚ የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። ደጋፊው አድራሻው የሁለቱ ጎረቤቶቹ ነው፤ የትኛው ጫፉ ወደ ላይ እንደሆነም ይጻፍበታል። መለያው ቁጥር የተመታበት የአሉሚኒየም ቁራጭ ይሁን። ቀለምና ማርከር በዝናብና በእጥበት ይጠፋሉ፤ የወረቀት መለያም ነፍሳት በሙቀት በሚገደሉበት ማድረቂያ ክፍል ውስጥ አይተርፍም። መለያውን ሁልጊዜ በአንድ ወገን፣ ለምሳሌ ወደ ሰሜን በሚያየው ፊት፣ ከታችኛው ጫፍ አንድ ጫማ ላይ ምቱ። ተራ ነገር ይመስላል፤ 200 እንጨት በተከመረበት ጓሮ ግን የመለያው ቦታ ራሱ አቅጣጫ ይናገራል።

በዚሁ ቀን የአራቱንም ማዕዘን ሰያፍ ልኬት ውሰዱ። አሮጌ ባርን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አይደለም።

መፍታቱ የሚጀምረው በማጽዳትና በማሰር ነው። የእርግብና የሌሊት ወፍ ኩስ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ ሊይዝ ስለሚችል፣ በውኃ ሳይርስ አይጠረግ፤ ጭንብል ሳይደረግም አይነካ። አሮጌ ቀለም ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት እንዳለው ይቆጠር፤ በመኖሪያ ቤት ቀለም ላይ ሊድ የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ቤንትና እያንዳንዱን ግድግዳ በኬብልና በእጅ መወጠሪያ በመስቀል እሰሩ። ይህን የሚዘል ሰው ምክንያቱ ስላልገባው ነው፦ ለብዙ ዓመታት ፍሬሙ ወደ ጎን እንዳይዘም ሲይዘው የኖረው በሺህ ሚስማር የተመታው የግድግዳ ሳንቃ ነው፣ ደጋፊዎቹን የሚይዘው የእንጨት ችንካር ላልቷል። ሳንቃው ሲነሳ ቤቱ ባልታሰበ ነፋስ ይሄዳል። የሥራ ደኅንነት ሕጉም ከ6 ጫማ በላይ ለሚሠራ የግንባታ ሠራተኛ ከመውደቅ መከላከያ ያዛል።

የጣሪያው ክዳን፣ ማገሩ፣ ከዚያ ወራጆቹ በጥንድ በጥንድ ይወርዳሉ። ከወራጆቹ በኋላ የሚመጣው ላይኛው አግዳሚ የሥራው ሁሉ አደገኛ ሰዓት ነው። ይህ እንጨት 30 ወይም 40 ጫማ ይረዝማል፤ ከሥሩ አራት የቋሚ ምላሶች ገብተውበታል፣ የደጋፊዎቹም ምላሶች አሉበት። ክሬኑ በሁለት ሰፊ ቀበቶ ይዞት፣ ክብደቱን ትንሽ ተሸክሞ ቆሞ ሳለ ነው ችንካሮቹ የሚወጡት። ከዚያ ድስት ከጉልቻ እንደሚነሳ ሁለቱም ጫፍ እኩል፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ከተነሳ በሌላው ጫፍ ያለው የቋሚ ምላስ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም የአግዳሚው የቀዳዳ ከንፈር ተገንጥሎ ይወጣል። እንቢ ካለ ክሬኑን አትጨምሩበት። አንድ ያልወጣ ችንካር አለ ማለት ነው፤ ፈልጉት። በእንግሊዙ ዓይነት ላይ ደግሞ ተሻጋሪው፣ ማለትም ሁለቱን ረጃጅም ግድግዳዎች የሚያገናኘው፣ አግዳሚ ከላይኛው አግዳሚ በላይ ተቀምጦ እንደ እርግብ ጅራት በተቀረጸ ማያያዣ ነክሶት ስለሚገኝ፣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ተሻጋሪው መጀመሪያ፣ ላይኛው ቀጥሎ።

ስለ ችንካሩ ራሱ። ብዙውን ጊዜ 1 ኢንች ውፍረት ያለው፣ ተፈልጦ የተጠረበ፣ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ኦክ ነው። የሚወጣው በቀጭኑ ጫፍ ተመትቶ ነው፤ በወፍራሙ በኩል የመታው ሰው ይበልጥ አጠበቀው። ከችንካሩ ትንሽ የሚያንስ፣ ለ1 ኢንች ችንካር የሦስት ሩብ ኢንች የብረት ዘንግ ደግኑና በከባድ መዶሻ ምቱ። ውስጥ ከተሰበረ በመሐሉ ሰርስራችሁ አውጡት፤ የቀዳዳውን ግድግዳ ግን እንዳትነኩ። አናጢው የምላሱን ቀዳዳ ከቋሚው ቀዳዳ ሆን ብሎ አንድ ስምንተኛ ኢንች ያህል ያዛንፈዋል፤ ችንካሩ ሲገባ መገጣጠሚያውን እየሳበ የሚያጠብቀው በዚህ መዛነፍ ነው። ሲመልሱ ሁለቱን በአንድ ላይ በድሪል አስተካክለው የሚበሱ አሉ። ችንካሩ ያኔ ያለችግር ይገባል፣ መሳቡ ግን ጠፍቷል።

የቀረው ቤንት በሙሉ በክሬን ወደ መሬት ተኝቶ፣ እዚያው ይፈታል።

በማከማቻ ቦታ እንጨቶቹ ከመሬት ከፍ ብለው፣ በመሐላቸው አንድ ኢንች ክፍተት የሚሰጥ ቁራጭ እየገባ ይደረደራሉ። ከላይ ይሸፈኑ፣ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ክምር ከውስጥ ይሻግታል። ሚስማር በብረት መፈለጊያ ታስሶ ይነቀላል፤ ኦክ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ስለሆነ የት እንዳለ ይመራል። ጽዳቱ በብሩሽ ይሁን። አሸዋ መንፋት የምሳሩን ጠባሳ ይገፍፋል፣ ከዚያ በኋላ ያ ግንድ ከአዲስ በምንም አይለይም። ለነፍሳት ሁነኛው መፍትሔ ሙቀት ነው፦ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። የክፍሉ ሙቀት አይደለም የሚቆጠረው፤ መለኪያው በወፍራሙ ግንድ መሐል ይተከል። ነፍሳት የሚከላከለው የቦሬት ጨው ርጭት ላዩን ይጠብቃል፣ በደረቅ ስምንት ኢንች ግንድ መሐል ግን አይደርስም፣ ዝናብም ያጥበዋል።

ጥገና ላይ ትልቁ ስሕተት እርጥብ እንጨት ከደረቅ ጋር ማጋባት ነው። ነጭ ኦክ ከእርጥብነት ፍጹም እስኪደርቅ በዕድገት ቀለበቱ አቅጣጫ 10 በመቶ ያህል ይጠብባል። የበሰበሰ የቋሚ እግር በአዲስ እርጥብ ኦክ ከተቀጠለ፣ በሁለተኛው ክረምት ቅጥሉ አፉን ይከፍታል። ተተኪው ከሌላ የፈረሰ ባርን የመጣ፣ ያው ዓይነት እንጨት ይሁን። ቅጥሉ በሰያፍ ተቆርጦ ርዝመቱ ቢያንስ የግንዱን ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ለ8 ኢንች ግንድ 24 ኢንች ማለት ነው፣ ሁለቱ ጫፎች ተነካክሰው በሽብልቅ ይጠብቃሉ። የተሰበረ ምላስ ካለ ግንዱን መጣል አያስፈልግም፤ በሁለቱም ወገን ቀዳዳ ተፈልፍሎ ደረቅ ኦክ ምላስ ለብቻው ይገባል።

ሥራው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ የሚገባው አሁን አይደለም፤ ከመግዛት በፊት መግባት ነበረበት። የአሜሪካ የግንባታ ሕጎች ተሸካሚ እንጨት የደረጃ ማኅተም ወይም የምርመራ ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ይጠይቃሉ። የ1820 ግንድ ማኅተም የለውም፤ ስለዚህ ደረጃ መዳቢ ወይም መሐንዲስ እያንዳንዱን አይቶ ይመሰክራል። መሐንዲሱ ብዙውን ጊዜ ቋሚዎቹን አይነቅፍም፤ ነቀፌታው ወራጆቹ ላይ፣ የጎን ነፋስ ላይና ጣሪያው በነፋስ ተስቦ እንዳይነሳ በሚይዘው ማሰሪያ ላይ ነው። አርክቴክቱ በበኩሉ ተሻጋሪው አግዳሚ ለሁለተኛው ፎቅ ራስ የሚመታ ከፍታ ላይ ሆኖ ያገኘውና ይቆረጥ ይላል። እሺ አትበሉ። ወራጆቹ ግድግዳውን ወደ ውጭ ሲገፉ የሚይዘው እሱ ነው። የወለሉ ከፍታ ይቀየር።

መሠረቱ የሚፈሰው ባርኑ በሚጠራበት ልክ ሳይሆን በእውነተኛ ልኩ ነው። የተጠገኑትን የመሠረት አግዳሚዎች መሬት ላይ ገጣጥማችሁ፣ ሰያፋቸውን ለክታችሁ፣ ያንን ለኮንክሪት ሠራተኛው ስጡት። 40 ጫማ ተብሎ የተፈሰሰ መሠረት ላይ 39 ጫማ ከ9 ኢንች የሆነ ፍሬም ሲመጣ ጥፋቱ የሚታረመው በኮንክሪት መጋዝ ነው። ችንካሩ ሁሉ አዲስ ይሁን፣ ከቀጥ ያለ ደረቅ ኦክ የተፈለጠ። አሮጌው ታጥፏል፣ ቀዳዳውም ሞላላ ሆኗል።

ፍሬሙ ከቆመ በኋላ የተለመደው ልባስ በሁለት የእንጨት ሉህ መሐል ፎም ያለበት ፓነል ነው፤ ለግድግዳ 6 ከግማሽ ኢንች፣ ለጣሪያ 8 ከሩብ ወይም 10 ከሩብ ኢንች። ፓነሉ ከውጭ ስለሚለብስ ግንዶቹ ከውስጥ ይታያሉ፣ ጎን ለጎን መዘመምንም ይይዛል። የተጠረበ ግንድ ፊቱ ግማሽ ኢንች ስለሚዋዥቅ፣ ቀጥ ያለ የክር መስመር ተወጥሮ ክፍተቱ በቀጫጭን ሽብልቅ ይሞላ፤ አለዚያ ብሎኑ ፓነሉን ያጎብጠዋል። የፓነሎቹ መጋጠሚያ በውስጥ በኩል አየር እንዳያሳልፍ ተደርጎ ካልታሸገ፣ የቤቱ እርጥብ አየር በጣሪያው አናት በኩል ወጥቶ የውጪውን ሉህ ያበሰብሳል። በአላስካዋ ጁኖ ከተማ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የፓነል ጣሪያዎች የበሰበሱት በዚህ መንገድ ነው።

ኤሌክትሪኩም ከፓነሉ ጋር ይታሰባል። ፋብሪካው በፎሙ ውስጥ የሽቦ መተላለፊያ የሚቦረቡረው በትዕዛዙ ላይ በተሳለው ቦታ ብቻ ነው። የማብሪያና የሶኬቱ ቦታ ፓነሉ ከመታዘዙ በፊት ካልተወሰነ፣ ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ መሰርሰሪያውን የሚደግነው ቋሚው ላይ፣ ያውም ምላሱ በገባበት ቦታ ነው።